አንድ ጊዜ የረጋ ደም ለምን ይመለሳል?

የእግራቸው ደም ሥር ለተወጠረባቸው ሰዎችና ለቤተ ሰቦቻቸው የተሰጠ ማስገንዘቢያ

የሰው ልጅ ከብዙዎቹ እንስሳት ከሚለይበት ነገር አንዱ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ይህ ክብር ግን ዋጋ አለው። ከልብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የወረደው ደም ተመልሶ ወደ ልብ የሚደርሰው ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ ነውና፥ የሸክሙን ከባድ ድርሻ የሚችሉት የእግር ደም ሥሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያስተምሩ መምህራን፥ በቦሌ መንገድ ዳር በየሱቁ ቆመው የሚሸጡ ወጣቶች፥ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ የሚውሉ ሠራተኞች፥ ከገርጂ እስከ አያት በየበሩ የሚቆሙ ጥበቃዎች፥ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ይህ ሸክም ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቁታል።

ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ በባታቸው ወይም በጭናቸው ላይ የተጠማዘዘና ከቆዳ በላይ ጎልቶ የሚታይ ደም ሥር አለባቸው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ቫሪኮስ ይሉታል። አብዛኛው ሰው ነገሩን የመልክ ጉድለት ብቻ አድርጎ ስለሚቈጥረው በረዥም ልብስ ሸፍኖት ይኖራል። በእርግጥም ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ ጉዳት ሳያገኛቸው ይኖራሉ። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በዚያው እግር ውስጥ ደም ይረጋባቸዋል፤ ታክመውም ከዳኑ በኋላ ደሙ ሁለተኛ ይረጋል። በዚህ ወር ዕትማችን ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊከላከሉት የሚቻል ሆኖ ሳለ ሰው ተዘናግቶ የሚያልፈው ነውና።

ደም ዳገቱን እንዴት ይወጣል?

በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ዐይነት ትልልቅ የደም መንገዶች አሉ። ከልብ ወደ አካል ደም የሚወስዱት ደም ቅዳ ሲባሉ፥ ከአካል ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መልስ ይባላሉ። ደም ቅዳ የልብ ምት ይገፋለታል፤ ደም መልስ ግን እንዲህ ያለ ብርቱ ገፊ የለውም። ስለዚህ ተፈጥሮ ሁለት ረዳት ሰጥታዋለች። አንደኛው የባት ጡንቻ ነው። አላቢ የላሚቱን ጡት ጨምቆ ወተቱን እንደሚያወጣ፥ ሰው በተራመደ ቊጥር የባቱ ጡንቻ ደም ሥሩን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይሰደዋል። ስለዚህም ሐኪሞች የባትን ጡንቻ ሁለተኛ ልብ ይሉታል። ሁለተኛው ረዳት በደም ሥሩ ውስጥ በየደረጃው ያሉ፥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች ናቸው። ደሙ ካለፈ በኋላ ተዘግተው እንዳይመለስ ያግዱታል።

እነዚህ በሮች በዘር፥ በተደጋጋሚ እርግዝና፥ በዕድሜ፥ በሰውነት ክብደት ወይም ለብዙ ሰዓት በመቆም ምክንያት የላሉ እንደ ሆነ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል። በዚያም እየተጠራቀመ ደም ሥሩን ይወጥረዋል፤ ያጣምመዋልም። እንግዲህ ቫሪኮስ ማለት በሩ የላላ ደም ሥር ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሥር ውስጥ የሚሄድ ደም ዝግተኛ ነው፤ ዝግተኛ ደም ደግሞ ለመርጋት ቅርብ ነው።

ሦስቱ የመርጋት ምክንያቶች

ከዚህ በታች በውጭ አገር ስለ ሆነው ነገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1856 ባሳተመው ሥራ፥ በእግር ውስጥ የረጋ ደም ተሰብሮ ከደም ጋር በመጓዝ ሳንባን ሊዘጋ እንደሚችል አስረዳ። ዛሬም ሐኪሞች በእርሱ ስም የሚጠሯቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። እነዚህም የደም አካሄድ መዘግየት፥ የደም ሥር ግድግዳ መጐዳት፥ የደሙም ጠባይ ተለውጦ ለመርጋት መፍጠን ናቸው። ቫሪኮስ ያለበት ሰው ከሦስቱ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ተሸክሞት ይዞራል። ስለዚህ የቀሩት ሁለቱ በተጨመሩበት ጊዜ ከሌላው ሰው ይልቅ አደጋው ወደ እርሱ ይቀርባል።

ይህ በቊጥርም ተመርምሯል። በታይዋን ከ400,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት፥ ቫሪኮስ ካለባቸው 1,000 ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ6 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ በእግራቸው ጥልቅ ደም ሥር ደም እንደሚረጋ አሳይቷል። ከሌለባቸው 1,000 ሰዎች ግን ይህ የሚደርስባቸው ከ1 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ይህን ስንናገር ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም፤ ከ1,000 ውስጥ ከ990 የሚበልጡት በዚያ ዓመት ምንም አልደረሰባቸውም። ነገር ግን ልዩነቱ አምስት እጥፍ ያህል ነውና ንቆ ማለፍ አይገባም።

የላይኛውና የጥልቁ መርጋት

በእግር ውስጥ ደም መልስ ሥሮች በሁለት ደረጃ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ከቆዳ ሥር ናቸው፤ ትልልቆቹ ደግሞ በጡንቻ መካከል ተቀብረዋል። ቫሪኮስ የሚታየው በላይኞቹ ላይ ነው። በላይኛው ሥር ደም የረጋ እንደ ሆነ ሥሩ እንደ ገመድ ይጠጥራል፤ ሲነኩት ያማል፤ ቆዳውም ይሞቃል። ቀድሞ ሐኪሞች ይህን ቀላል ሕመም ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን በፈረንሳይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በላይኛው ሥር ደም ረግቶባቸው ወደ ሐኪም ከቀረቡት ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል በዚያው ጊዜ በጥልቁ ሥር ወይም በሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶበታል። ስለዚህ የጠጠረና የሚያም ሥር ያገኘ ሰው በቅባት ብቻ ራሱን ማከም አይገባውም፤ በአልትራሳውንድ መመርመር ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ የተወጠረው ሥር የመርጋት ምክንያት ሳይሆን ውጤት ነው። ቀድሞ በጥልቁ ሥር ውስጥ ሳይታወቅ የረጋ ደም መንገዱን ስለ ዘጋው ደሙ በላይኛው ሥር ለማለፍ ተገድዶ ይወጥረዋል። እንዲህ ባለ እግር ላይ የላይኛውን ሥር በችኰላ በኦፕራሲዮን ማውጣት ደሙ የቀረውን መንገድ መዝጋት ይሆናል። ሐኪሙ አስቀድሞ ጥልቁን ሥር መርምሮ ማየት የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ደሙ እንደ ገና የሚረጋበት ምክንያት

አንድ ጊዜ ደም ረግቶበት የታከመ ሰው እንደ ገና እንዲረጋበት የሚያደርጉት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የመጀመሪያው መርጋት ያለ ግልጽ ምክንያት መምጣቱ። ኦፕራሲዮን ወይም ስብራት ሳይኖር ደም የረጋበት ሰው፥ ምክንያቱ በውስጡ ስላለ አደጋው አብሮት ይኖራል። ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2019 የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፥ እንዲህ ካሉት 100 ሰዎች መካከል መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት 10፥ በአምስት ዓመት 25፥ በዐሥር ዓመት ደግሞ 36 ያህሉ ደም ተመልሶ ረግቶባቸዋል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ100 ወንዶች 41፥ ከ100 ሴቶች ደግሞ 29 ነበሩ። በኦፕራሲዮን ምክንያት የመጣው መርጋት ግን ምክንያቱ ካለፈ የመመለስ ዕድሉ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

2ኛ፤ መድኃኒትን ከጊዜው በፊት ማቆም። እብጠቱ ሲጐድልና ሕመሙ ሲለቅ ሰው ድኛለሁ ይላል። ነገር ግን ለጥልቁ ሥር መርጋት ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ለአንዳንዱም ሰው ዕድሜ ልኩን ይሆናል። በላይኛው ሥር ላይ ለረጋ ረዥም ደም እንኳ ብዙ ጊዜ 45 ቀን ያህል መድኃኒት ይታዘዛል። ሕመሙ መልቀቁ እሳቱ መዳፈኑን ያሳያል እንጂ መጥፋቱን አያሳይም።

3ኛ፤ የደም ሥሩ ራሱ መጐዳቱ። ደም የረጋበት ሥር በሮቹ ይጠባሰሳሉ፤ አንዳንድ ጊዜም መንገዱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይቀራል። ቀድሞ ቫሪኮስ በነበረበት እግር ላይ ይህ ሲጨመር የደሙ ዝግታ ዕጥፍ ይሆናል።

4ኛ፤ ለብዙ ጊዜ መቀመጥ ወይም መተኛት። ስብራት በጄሶ ሲታሰር፥ ሕመምተኛ በአልጋ ላይ ሲሰነብት፥ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲቀመጥ ሁለተኛው ልብ ሥራውን ያቆማል።

5ኛ፤ እርግዝና፥ አራስነትና አንዳንድ የወሊድ መቈጣጠሪያ። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም ለመርጋት ይፈጥናል፤ ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ደግሞ ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። በአገራችን አራስን በአልጋ ላይ አስተኝቶ መንከባከብ የከበረ ልማድ ነው። ገንፎው፥ አጥሚቱና የዘመድ ጥየቃው ይኑር፤ ነገር ግን አራሲቱ ክርስትና እስኪደርስ ድረስ 40 ወይም 80 ቀን ሙሉ ከአልጋ እንዳትወርድ ማድረግ እግርዋን ይጐዳል። አዋላጅዋ እንደ ፈቀደችላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ ትመላለስ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቈጣጠሪያ ክኒንም የመርጋትን አደጋ ስለሚጨምር፥ ቀድሞ ደም የረጋባት ሴት ሌላ ዐይነት እንዲሰጣት ለጤና ባለሙያው ትንገር።

6ኛ፤ የሰውነት መወፈርና የዕድሜ መግፋት። ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሆድ በኩል የሚያልፈውን ደም ስለሚጫነው፥ ቫሪኮስንም መርጋትንም ያባብሳል።

7ኛ፤ ሌላ ሕመም። ካንሰር፥ ኤች አይ ቪ፥ የሳንባ ነቀርሳ፥ አንዳንድም በዘር የሚወረሱ የደም ጠባዮች ደምን ለመርጋት ያፈጥናሉ። በ2012 ዓ.ም. በቦሌ የሚገኘው ሚሊኒየም አዳራሽ የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ በሆነበት ጊዜ፥ ያ በሽታ ትንፋሽን ብቻ ሳይሆን ደምንም እንደሚያረጋ የዓለም ሐኪሞች ሁሉ ተረድተውት ነበር።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበረታም። አደጋው የሚከብደው ሁለቱና ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ነው።

ከቦሌ ተነሥቶ ሩቅ ለሚሄድ መንገደኛ

የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ የአውሮፕላንን ድምፅ ለምዶታል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ሰሜን አሜሪካ ለመድረስ ከ12 ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ በወንበር ላይ ማሳለፍ ግድ ነው። ብዙ ሰው በአውሮፕላን ውስጥ የሚጐዳው ቀጭኑ አየር ይመስለዋል። ነገር ግን ነገሩን እንመርምረው። ከፍ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ ከባሕር በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው። የቦሌ ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ፥ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ አየር ሲኖር ዕለት ዕለት ነው። እንግዲህ የሚጐዳው ሳይነቃነቁ መቀመጡ ነው።

ይህንም ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተመልክተውታል። በ1940 የሎንዶን ከተማ በቦምብ ስትደበደብ፥ ሕዝቡ በመጠለያ ውስጥ በወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። በዚያን ጊዜ ኪት ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም፥ የቦምብ ፍንጣሪ ሳይነካቸው በሳንባቸው ውስጥ በገባ የረጋ ደም በድንገት የሞቱ ሰዎች መብዛታቸውን አስታወቀ። በ1954 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሆማንስ፥ በአውሮፕላንና በመኪና ረዥም ጉዞ ተቀምጠው የሄዱ ሰዎች በእግራቸው ደም እንደ ረጋባቸው ጻፈ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2007 ባወጣው ጥናት፥ ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የመርጋትን አደጋ ዕጥፍ ያህል እንደሚያደርገው አስታወቀ፤ ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፥ በባቡርና በመኪና ጭምር ነው። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ላይ ይደርሳል። ቀድሞ ደም ለረጋበትና ቫሪኮስ ላለበት ሰው ግን ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር በአውቶቡስ የሚሄድ ሰውም ይህ ምክር ይመለከተዋል።

ምክሩም ይህ ነው። በየሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፤ መነሣት ካልተቻለ ተረከዝን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ባትን ማሠራት፤ ውሃ መጠጣት፤ መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን መተው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ልክ የሆነ አጥባቂ ካልሲ ማድረግ። ነገር ግን የስኳር ሕመም ያለበት ወይም እግሩን የሚቀዘቅዘው ሰው ሐኪም ሳያየው አጥባቂ ካልሲ አያድርግ፤ የደም ቅዳው ሥር የጠበበ እንደ ሆነ ይጐዳዋልና። ቀድሞ ደም የረጋበት ሰው ትኬት ከመቊረጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሐኪሙም የመከላከያ መርፌ ወይም ክኒን ሊያዝለት ይችላል።

አንድ ምሳሌ

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባን በገርጂ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት መምህርት እናስብ። ዕድሜያቸው 55 ነው እንበል። ሁለተኛ ልጃቸውን ካረገዙበት ጊዜ ጀምሮ የግራ ባታቸው ደም ሥር ተወጥሮ ይታያል፤ ሠላሳ ዓመት ቆመው ሲያስተምሩም እየበዛ ሄደ። አንድ ቀን በደረጃ ላይ ወድቀው ቊርጭምጭሚታቸው ተሰበረና ስድስት ሳምንት በጄሶ ታሰረ። ጄሶው ሲፈታ እግራቸው አብጦ ተገኘ፤ በምርመራም በጥልቁ ሥር ደም ረግቷል ተባለ። ሐኪሙ ለሦስት ወር መድኃኒት አዘዘላቸው። እርሳቸው ግን እብጠቱ በአንድ ወር ስለ ጐደለና መድኃኒቱም ውድ ስለ ሆነባቸው አቆሙት።

ከዚያም በአሜሪካ ያለችው ልጃቸው ወለደች። የትኛዪቱ እናት ናት ልጅዋ በሰው አገር ብቻዋን ስትታረስ ዝም የምትል? በርበሬውን፥ ሽሮውንና የገንፎውን እህል ሸክፈው ሄዱ። በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው፥ ‹‹ሰው አላስቸግርም›› ብለው ሳይነሡ ዐደሩ። በደረሱ በአራተኛው ቀን ግራ እግራቸው ከበደ። ‹‹የመንገድ ድካም ነው›› ብለው በቅቤ አሳሹት። በስድስተኛው ቀን ሕፃኑን አቅፈው ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጐናቸውንም ወጋቸው። ልጃቸው ‹‹እማዬ፥ ቡና ላፍላልሽና ዕረፊ›› ሳትል ወዲያው አምቡላንስ ስለ ጠራች ተረፉ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ቫሪኮሱ፥ ስብራቱ፥ ቶሎ የቆመው መድኃኒት፥ ረዥሙ መቀመጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ከአራቱ ሁለቱን፥ ማለት መድኃኒቱንና አቀማመጡን፥ መለወጥ ይቻል ነበር። ሁለቱ በቀሩ ኖሮ ምናልባት የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን እዚህ ባላደረሱ ነበር።

መድኃኒቱና ማዕዱ

ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዋርፋሪን ነው። ይህ መድኃኒት ቫይታሚን ኬ የተባለውን ንጥረ ነገር በመቃወም ይሠራል። ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የበለጸጉ ናቸው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን የሚያዘወትር ሰው መድኃኒቱ ሊደክምበትና ደሙ ሊረጋ ይችላል። ፋሲካ ደርሶ ጎመኑን ድንገት ሲተውና ወደ ሥጋው ሲዞር ደግሞ መድኃኒቱ በርትቶ ደም ሊያፈስሰው ይችላል። ጎመን አትብሉ አንልም፤ መጠኑ በጾምም በፍስክም እኩል ይሁን፥ በጾም መግቢያና መውጫ ደግሞ ደማችሁን አስመርምሩ እንላለን። ሐኪሞች አይ ኤን አር የሚሉት የዚህ ምርመራ ውጤት ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከ2 እስከ 3 መሆን ይገባዋል። ረመዳንን የሚጾሙ ሰዎችም የመድኃኒታቸውን ሰዓት አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

ለነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንንም ሪቫሮክሳባንን የመሳሰሉትን የአዲሶቹንም መድኃኒቶች ኃይል ያደክማል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በየፋርማሲው የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ ደም ያፈስሳሉ። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ያረገዘች እንደ ሆነ ፅንሱን ስለሚጐዳ ፈጥና ለሐኪም ትንገር፤ በእርሱ ፈንታ ፅንስ የማይነካ መርፌ ይሰጣታል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ጠበሉን ይጠመቅ፥ መድኃኒቱንም ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ምልክቶቹን እንወቅ

የዝሆኔ እብጠት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ የኩላሊትና የልብ ሕመም እብጠት ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እግር ይታያል። በጥልቁ ሥር የረጋ ደም ግን ብዙ ጊዜ አንዱን እግር ብቻ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያሳብጠዋል፤ ባት ያማል፥ ይከብዳል፥ ይሞቃል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል መልኩ ጠቈር ማለቱን ወይም ቆዳው ተወጥሮ ማብለጭለጩን ማየት ይገባል።

እንዲህ ያለውን እግር ማሸት እጅግ አደገኛ ነው። ወጌሻ በአጥንትና በጅማት ሥራ የተመሰገነ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የረጋን ደም ያሸ እንደ ሆነ ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል።

ደሙ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ ሰውየው በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አየር ሲስብ ደረቱን ወይም ጐኑን ይወጋዋል፤ ልቡ ይፈጥናል፤ ደም ያስለዋል፤ ወይም ራሱን ይስታል። በአገራችን ይህን መጋኛ ነው፥ ውጋት ነው፥ ምች ነው እያሉ ቅጠል ሲያሸቱ ብዙ ሰዓት ይባክናል። ቀድሞ ደም ረግቶበት የነበረ ሰው ይህ ሲደርስበት የሚጠበቅ ነገር የለም። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት ወይም ባገኙት መኪና አቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ማድረስ ነው። እዚያም ሲደርሱ አስቀድሞ የሚነገረው ቃል ‹‹ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት ነበር›› የሚል ይሁን፤ ይህ አንድ ቃል የሐኪሙን ምርመራ ያሳጥረዋል።

ለመምህራንና ለቤተ ሰብ አለቆች

በመጨረሻ ይህን ጽሑፍ የምታነብቡ መምህራን ሁለት ሥራ እንድትሠሩልን እንለምናችኋለን። አንደኛው ለራሳችሁ ነው። በሰሌዳ ፊት እንደ ምሰሶ አትቁሙ፤ በተማሪዎች መካከል ተመላለሱ፤ ቆማችሁም ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። በዕረፍት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ከአያት በባቡር የምትመጡ ሰዎች አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ወርዳችሁ ብትራመዱ ሁለተኛው ልባችሁ ያመሰግናችኋል። ሁለተኛው ሥራ ለጎረቤታችሁ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች የመድኃኒታቸውን ወረቀት ወደ እናንተ ይዘው ሲመጡ፥ ስሙን ብቻ ሳይሆን የሚያበቃበትን ቀን ጭምር አንብቡላቸው፤ ‹‹እብጠቱ ጠፍቷልና ልተወው ወይ?›› ብለው ቢጠይቋችሁ፥ ‹‹ሐኪሙ ሳይል አይሆንም›› በሏቸው።

ደም የረጋበት ሰው ሁሉ ለሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይኑረው። ደሜ የረጋው በምን ምክንያት ነበር? መድኃኒቴን እስከ መቼ ነው የምወስደው? በሚቀጥለው ጊዜ ኦፕራሲዮን፥ ወሊድ ወይም ረዥም ጉዞ ሲያጋጥመኝ ምን ላድርግ? መልሱን የማያውቅ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይመለስ። መልሱንም በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዘው፤ ራሱ መናገር ባልቻለበት ሰዓት ወረቀቱ ይናገርለታልና።